በሁለት አንደበት የቆየ መጽሐፍ

ብሉይ ኪዳን የተጻፈበትን ዋና ቋንቋ ዛሬ ሁላችንም ዕብራይስጥ እንለዋለን። በአይሁድ ቀኖና ያሉት መጻሕፍት ግን አንድም ቦታ በዚህ ስም አይጠሩትም። ኢሳይያስ በ19ኛው ምዕራፍ የከነዓን ቋንቋ ይለዋል፤ መጽሐፈ ነገሥትና ነህምያ ደግሞ የይሁዳ ሰዎች ንግግር አድርገው ያነሡታል። የነቢዩ አጠራር ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ቋንቋው በከነዓን ምድር ከፊንቄ፣ ከሞዓብና ከአሞን ንግግር ጋር አብሮ ያደገ፣ ከእነርሱም ብዙ የማይርቅ ነበር። የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ በ9ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በእስራኤል ላይ ያገኘውን ድል ያስቀረጸበት ድንጋይ በ1868 እ.ኤ.አ. በዲቦን ሲገኝ፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ አንባቢ አብዛኛውን ሊከተለው የሚችል ጽሑፍ ነበር። ጠላት የተባለው ሕዝብ በዚያው ዓይነት ፊደልና በተቀራራቢ ሰዋስው ስለ አምላኩ ስለ ካሞሽ ቁጣና ርዳታ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የመጀመሪያ ቋንቋ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ከጎረቤት ተለይቶ፣ ንጽሕናው ተጠብቆ የኖረ ልሳን ነው። ታሪኩን ከመነሻው ተከትሎ ለሚወርድ ሰው ግን የሚገለጠው ሌላ ነገር ነው፤ መጽሐፉን ያቆዩት በየዘመኑ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዕብራይስጥ ለብቻው በቀረበት ቦታ ሁሉ የቀረልን ጥቂት ቅርጽና የሸክላ ስባሪ ነው።

ከነገሥታቱ ዘመን የተረፉት ጽሑፎች በእርግጥ ጥቂት ናቸው። በጌዝር የተገኘው፣ የእርሻ ወራትን የሚቆጥር ትንሽ የኖራ ድንጋይ አለ። በ1880 በኢየሩሳሌም ከሰሊሆም ዋሻ ግድግዳ ላይ የተገኘው ጽሑፍ ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ ዐለት ሲፈለፍሉ የነበሩ ሠራተኞች የእርስ በርስ ድምፃቸውን ሰምተው እንዴት እንደተገናኙ ይተርካል። ዋሻውን ያስቆፈረው ሕዝቅያስ እንደሆነ ይታመናል፤ በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው መጽሐፉ ስለ ቋንቋ ከሚነግረን ሁሉ የላቀው ትዕይንት የተፈጸመው። በ701 ቅ.ል.ክ. የአሦር ሠራዊት ይሁዳን ሲወርር የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ሕዝቡ እጁን እንዲሰጥ ይናገራል። የሚናገረውም በይሁዳ ቋንቋ ነው። ኤልያቄምና ጓደኞቹ ይለምኑታል፦ እኛ እንሰማሃለንና በሶርያ ቋንቋ ተናገር፣ ቅጥር ላይ ያለው ሕዝብ እየሰማ በአይሁድ ቋንቋ አትናገር ይሉታል። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ በሕዝቡ ቋንቋ ይቀጥላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሶርያ ቋንቋ የተባለው አራማይክ ነው። በዚያን ቀን አራማይክ የሹማምንትና የመልእክተኞች ቋንቋ ነበር፤ ሕዝቡ አይሰማውም። ጊዜው ሲያልፍ ነገሩ ተገላበጠ፤ አራማይክ የገበያና የቤት ንግግር ሲሆን የአባቶች መጽሐፍ ቋንቋ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሆነ።

የተገላበጠው በምርኮ ነው። ከምርኮው ዋዜማ ሁለት ምስክሮች ቀርተውናል። አንዱ በ1935 የተገኙት የለኪሶ ደብዳቤዎች ናቸው፤ የባቢሎን ጦር ሲቃረብ የይሁዳ የጦር ሹም ለአለቃው በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የጻፋቸው ናቸው። ሁለተኛው በ1979 በኢየሩሳሌም በኬቴፍ ሂኖም ከመቃብር የወጡት ሁለት ጥቃቅን የብር ጥቅልሎች ናቸው፤ በኦሪት ዘኍልቍ 6 ካለው የካህናት ቡራኬ ጋር የሚቀራረቡ ቃላት ተቀርጸውባቸዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለ ቃል በቁስ ላይ ሰፍሮ ከተገኘባቸው ሁሉ ጥንታውያኑ እነዚህ ናቸው። ፊደላቸው ዛሬ በምኩራብ ጥቅልል ላይ የምናየው አራት ማዕዘን ፊደል አይደለም፤ ከፊንቄ ጋር የሚዛመደው አሮጌው የዕብራይስጥ ፊደል ነው። ኤርምያስ የሚያውቀው ይህንን ነበር። እንግዲህ መጽሐፉ «እንደ መጀመሪያው» ተጠብቋል የሚል ሰው አሁን በምኩራብ የሚነበበውን ጥቅልል ለኤርምያስ ቢያሳየው ነቢዩ ፊደሉን ለመለየት በተቸገረ ነበር።

ኢየሩሳሌም በ586 ቅ.ል.ክ. ፈረሰች፤ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ፋርስ ባቢሎንን ወሰደች። የፋርስ መንግሥት ከግብፅ እስከ መካከለኛው እስያ በአራማይክ ይጻጻፍ ነበር። በአስዋን አጠገብ በናይል ደሴት ላይ፣ በኤለፋንታይን የሰፈሩ ይሁዳውያን ወታደሮች ትተውት የሄዱት የ5ኛው መቶ ዘመን የፓፒረስ ክምር ይህን በግልጽ ያሳያል፤ የጋብቻ ውል፣ የቤት ሽያጭ፣ የብድር ወረቀት፣ ሁሉም በአራማይክ ነው። በ410 ቅ.ል.ክ. የአምላካቸው ቤተ መቅደስ ሲፈርስባቸው፣ በ407 ለይሁዳ ገዥ ለባጎሂ የጻፉት አቤቱታም በዚያው ቋንቋ ነው። የዕዝራ መጽሐፍ ከ4፥8 ጀምሮ ወደ አራማይክ የሚዞረው በዚህ ዓለም ውስጥ ስለተጻፈ ነው። ባለሥልጣኖች የተጻጻፉትን ደብዳቤ በራሱ ቋንቋ ገልብጦ ያስገባል። እስከዚህ ድረስ የመዝገብ ጸሐፊ ጥንቃቄ ብቻ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ትረካው ራሱ በአራማይክ ይቀጥላል፤ እስከ 6፥18 ወደ ዕብራይስጥ አይመለስም፤ በ7ኛውም ምዕራፍ ሌላ የንጉሥ ደብዳቤ እንዳለ ይገባል። ጸሐፊው አንባቢዬ ሁለቱንም ይሰማል ብሎ የተማመነ ሰው ነው። ዳንኤልም እንዲሁ ነው፤ ከለዳውያን ለንጉሡ ሲመልሱ፣ በ2፥4 መካከል፣ ቋንቋው ይለወጥና እስከ 7ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ይዘልቃል፤ 8ኛው ምዕራፍ ወደ ዕብራይስጥ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ አንዳንዶች መጽሐፉ በአንድ ቋንቋ ተጽፎ ከፊሉ በኋላ የተተረጎመ ነው ብለው ነበር። በሙት ባሕር ዳር ከቁምራን ዋሻዎች የወጡት የዳንኤል ቅጂዎች ግን ሽግግሩን በእነዚያው ቦታዎች ላይ ይዘውታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከዘመነ ክርስቶስ በፊት መጽሐፉ ባለ ሁለት ቋንቋ ሆኖ ይነበብ እንደነበር አያጠራጥርም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የቍጥር ነው። ከ23,000 በላይ ቍጥር ካለው መጽሐፍ የአራማይኩ ክፍል፣ የኤርምያስ 10፥11ንና ላባ በዘፍጥረት 31፥47 ለድንጋይ ክምሩ ያወጣውን ስም ጨምሮ፣ ወደ 270 ቍጥር ቢጠጋ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ። ይህ እንግዳ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም ሊባል ይችላል። ቍጥሩ ትክክል ነው፤ የሚመዝነው ግን ከአራማይክ ጥቂቱን ብቻ ነው። ቀሪው ዘጠና ዘጠኝ እጅ የተጻፈበት አራት ማዕዘን ፊደል ከአራማይክ የተወሰደ ነው። እንደ መክብብ፣ አስቴርና ዜና መዋዕል ያሉት የኋላ መጻሕፍት የአራማይክና የፋርስ ቃላትና አነጋገር አለባቸው። በዳንኤል 3 ናቡከደነፆር ባቆመው ምስል ፊት ከሚነፉትና ከሚመቱት የዜማ ዕቃዎች አንዳንዶቹ የግሪክ ስም አላቸው። መጽሐፉ ስለ ዘር ሐረጉም ቢሆን የሚሸሽገው የለም፤ ኦሪት ዘዳግም 26 በኵራቱን ይዞ ወደ ካህኑ የሚመጣ እስራኤላዊ አባቱ አራማዊ እንደነበር እንዲናገር ያዝዘዋል።

ነህምያ ይህን መደባለቅ በደስታ አላየውም። በ13ኛው ምዕራፍ፣ ከአዛጦን፣ ከአሞንና ከሞዓብ ሴቶች የተወለዱ ልጆች በአይሁድ ቋንቋ መናገር ስላቃታቸው አባቶቻቸውን ይረግማል፣ ይመታል፣ ጠጕራቸውንም ይነጫል። በዚያው መጽሐፍ 8ኛው ምዕራፍ ግን የተሻለ መፍትሔ እናገኛለን። ዕዝራ በውኃው በር አደባባይ ከእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ሕጉን ያነባል፤ ሌዋውያን ደግሞ ለሕዝቡ እንዲገባው ያብራራሉ። ማብራሪያው በአራማይክ ነበር የሚለው የኋላ ሊቃውንት አስተያየት ነው፤ ሥርዓቱ ግን ሥር ሰደደ። በኋላ የረቢዎች የሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና በምኩራብ ለሚያስተረጉመው ሰው ደንብ ያወጣለታል፤ ከኦሪት አንድ ቍጥር ሲነበብ አንድ ይተረጎማል፣ ከነቢያት ግን እስከ ሦስት ማንበብ ይቻላል። ታልሙድም የዕዝራን ዘመን ሲያስታውስ፣ ኦሪት በዕዝራ ጊዜ ዳግመኛ በአሦር ፊደልና በአራማይክ እንደተሰጠ፣ እስራኤልም ፊደሉን ከአዲሱ፣ ቋንቋውን ከአሮጌው እንደመረጡ ይተርካል። ሳምራውያን አሮጌውን ፊደል ይዘው ቀሩ። ትረካው ታሪክ ይሁን አይሁን፣ ረቢዎቹ ራሳቸው በእጃቸው ያለው ጥቅልል የአንድ ምርጫ ውጤት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዕብራይስጥ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ ሞተ የሚለውን አሮጌ አስተያየት ግን መቀበል አይገባም፤ ሚሽና ራሱ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ በ132 እ.ኤ.አ. በሮም ላይ ያመፀው የባር ኮክባ ሰዎችም በዕብራይስጥ፣ በአራማይክና በግሪክ ተጻጽፈዋል። ለጦር ስንቅ በሦስት ቋንቋ ትእዛዝ የሚተላለፍበት ሰፈር ነበር።

ወደ ግሪክ የተደረገው ትርጉም ከሚሽናና ከባር ኮክባ ዘመን ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በእስክንድርያ በ3ኛው መቶ ዘመን ቅ.ል.ክ. ኦሪት ወደ ግሪክ ተመለሰ። የአርስጥያስ ነው የሚባለው ደብዳቤ ንጉሥ በጥሊሞስ ለቤተ መጻሕፍቱ ሲል 72 ሽማግሌዎችን ከኢየሩሳሌም እንዳስመጣ ይተርካል፤ ሰብዓ ሊቃናት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ትረካው ያጌጠ ነው። ከንጉሡ ፍላጎት ይልቅ ዕብራይስጥ የረሱት የእስክንድርያ አይሁድ ችግር ሥራውን ያስጀመረው ይመስላል። የሲራክ የልጅ ልጅ በ132 ቅ.ል.ክ. ገደማ ወደ ግብፅ ወርዶ የአያቱን መጽሐፍ ሲተረጉም፣ በዕብራይስጥ የተነገረው በሌላ ቋንቋ ሲሆን ያው ኃይል እንደማይኖረው፣ ኦሪትና ነቢያትም ቢሆኑ ሲተረጎሙ እንደሚለዩ በመቅድሙ አስጠንቅቋል። የሚያስገርመው የዚህ መጽሐፍ ዕጣ ነው። ዕብራይስጡ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሊቃውንት እጅ ጠፋ፤ ከ1896 ጀምሮ ከካይሮ ምኩራብ አሮጌ የወረቀት ክምር በሰሎሞን ሼክተር ትጋት ብዙው እስኪገኝ፣ በ1964ም በማሳዳ ፍርስራሽ ሌላ ክፍል እስኪወጣ ድረስ ያቆየው ያ ደካማ ነው የተባለው ትርጉም ነበር።

ትርጉም ሁልጊዜ ከምንጩ ያንሳል የሚለው ክርክር በኤርምያስም ላይ ይሰናከላል። የግሪኩ ኤርምያስ ከዕብራይስጡ ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ያጥራል፤ የምዕራፎቹም ቅደም ተከተል ይለያል። ለረጅም ዘመን ተርጓሚው ቆርጦ ጣለው ይባል ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጽሑፎች መካከል ግን ከአጭሩ ግሪክ ጋር የሚስማማ የዕብራይስጥ ኤርምያስ ቁራጭ ወጣ። ተርጓሚው ታማኝ ነበር፤ በፊቱ የነበረው ዕብራይስጥ ሌላ ነበር። በዘመነ መቃብያን የነበረ አንባቢ የትኛውን ኤርምያስ እንደሚያነብ የሚወስነው በእጁ የገባው ጥቅልል ነበር ማለት ነው። በእነዚያው ዋሻዎች መጽሐፈ ጦቢት በአራማይክና በዕብራይስጥ፣ መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክ፣ ኩፋሌ በዕብራይስጥ ተገኝተዋል፤ ሁሉም በቁርጥራጭ። ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የቆዩት በግዕዝ ብቻ ነው። ኩፋሌ በ12ኛው ምዕራፍ መልአኩ ለአብርሃም ዕብራይስጥን የፍጥረት ቋንቋ አድርጎ እንዳስተማረው፣ አብርሃምም የአባቶቹን መጻሕፍት በዚያ ቋንቋ እንደገለበጠ ይናገራል። ዕብራይስጥ የፍጥረት ልሳን ነው ብሎ የሚመሰክረው መጽሐፍ ራሱ ዕብራይስጡን አጥቶ በኢትዮጵያ ገዳማት ብራና ላይ ኖረ።

በክርስቲያኑ ዓለም የቋንቋው ጥያቄ ጠብ ያስነሣው በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አርጌንስ በቂሣርያ ዕብራይስጡን፣ ንባቡን በግሪክ ፊደልና አራት የግሪክ ትርጉሞችን በስድስት ዓምድ ጎን ለጎን አሰልፎ ነበር። ጀሮም ግን በቤተ ልሔም ተቀምጦ ግሪኩን አልፎ በቀጥታ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን መተርጎም ጀመረ። አውግስጢኖስ ተቃወመው። ሐዋርያት የተጠቀሙበት ግሪክ እያለ አብያተ ክርስቲያናትን ምን ያከፋፍላቸዋል ሲል ጻፈለት፤ በትሪፖሊ አንድ ጳጳስ አዲሱን ትርጉም ሲያስነብብ፣ ለዮናስ ጥላ የሆነችው ቅል በሌላ ተክል ስም ተጠርታ ሕዝቡ እንደታወከም ነገረው። (የዛሬ ብዙ ሊቃውንት ተክሉ ጉሎ ነው ይላሉ፤ የአማርኛው ቅል ግን የግሪኩ ወራሽ ነው።) የአውግስጢኖስን ስጋት ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ ሕዝብ በዜማና በልቡናው የያዘውን ቃል በሊቅ ብዕር መለወጥ አደጋ አለው። ይሁን እንጂ ጀሮም ራሱ ያለ አይሁድ መምህራን ዕብራይስጡን ባልጨበጠው ነበር። ጦቢትን ሲተረጉም ደግሞ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አራማይኩን በዕብራይስጥ ሲነግረው እሱ በላቲን ለጸሐፊ ያስጽፍ ነበር። ንጹሕ ምንጭ ፍለጋ የወጣው ሰው በሦስት ቋንቋ መካከል ቆሞ እናገኘዋለን።

እስከዚህ ዘመን ድረስ ዕብራይስጡ በአብዛኛው በተነባቢ ብቻ የተጻፈ ነበር። አናባቢው በአንባቢው አፍ ውስጥ ይኖራል፤ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ይተላለፋል። የግዕዝ ፊደል በ4ኛው መቶ ዘመን በኢዛና ዘመን ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያለውን መልክ ሲይዝ፣ የዕብራይስጥ ጸሐፍት ገና ምልክት አላበጁም። ያበጁት ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ፣ ከሁሉ በላይ በጥብርያዶስ፣ ማሶሬት የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። የሆሄያቱን ቅርጽ ሳይነኩ ነጥብና ሰረዝ ከላይና ከታች አኖሩ፤ በኅዳጉ ላይ እያንዳንዱ ያልተለመደ አጻጻፍ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ መዘገቡ። ይህ የኅዳግ ማስታወሻ የተጻፈው በአብዛኛው በአራማይክ ነው። ጸሐፍቱ ደግሞ በቤታቸውና በገበያው ዐረብኛ ይናገሩ ነበር። በ930 ገደማ የተጠናቀቀው፣ የአሮን ቤን አሸር ነጥብ ያረፈበት የሐለብ መጽሐፍና በካይሮ በ1008 የተጻፈውና ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ያለው ሙሉ ቅጂ የዚህ ዓለም ፍሬዎች ናቸው። የዕብራይስጥ ግስ ሥሩ ሦስት ፊደል እንደሆነ በሥርዓት ያሳየው ይሁዳ ሐዩጅም በኮርዶባ የጻፈው በዐረብኛ፣ ከዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ባገኘው ዘዴ ነው። ከእርሱ በፊት ይሁዳ ኢብን ቁረይሽ የፌዝ አይሁድ ተርጉም የተባለውን የአራማይክ ትርጉም መማር ሲተዉ ዕብራይስጡንም ለመረዳት እንደሚቸገሩ በጻፈላቸው መልእክት አስጠንቅቋል። ነገሩን ከእርሱ የተሻለ የተረዳ አላውቅም።

የአውሮጳ ፕሮቴስታንቶች ይህን ታሪክ ለመቀበል ተቸግረዋል። ሥልጣን ሁሉ በመጽሐፉ ላይ ካረፈ፣ የመጽሐፉም ንባብ በአናባቢ ላይ ካረፈ፣ አናባቢውን በእስልምና ዘመን የነበሩ አይሁድ አበጁት ማለት መሠረቱን መነቅነቅ መሰለ። አይሁዳዊው ሊቅ ኤልያስ ሌዊታ ግን በ1538 በቬኒስ ነጥቦቹ ከታልሙድ በኋላ እንደመጡ ጽፎ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ካፔል በ1624 ማስረጃውን አጠነከረ። የስዊስ ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት በ1675 ነጥቦቹም ጭምር በመንፈስ እንደተሰጡ በእምነት መግለጫ አወጁ። አዋጁ ብራናውን ሊለውጠው አልቻለም። ይልቅ ጥናቱ ወደ ዘመድ ቋንቋዎች ሄደ። ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሲያሳትም ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ነበር፤ በ1657 የተጠናቀቀው የለንደን ባለ ብዙ ልሳን መጽሐፍ ቅዱስ ግን ግዕዙን በስሙ ከሌሎቹ ጎን አሰለፈ። ኢዮብ ሉዶልፍም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ ቋንቋውን ተምሮ ከዕብራይስጥ ጋር ያለውን ዝምድና በሥርዓት አሳየ።

የቁምራን ግኝት ለሁለት ዓይነት ተከራካሪ መልስ ይዞ መጣ። ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢሳይያስ ጥቅልል በ1008 ከተጻፈው ቅጂ በ1,100 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ በፊደል አጣጣልና በጥቂት ንባብ ቢለያይም መጽሐፉ ያው ኢሳይያስ ነው። ስለዚህ ቅጂው ሁሉ ተበላሽቷል የሚል ሰው ማስረጃ ያጣል። የኤርምያስ ቁርጥራጭ ደግሞ ከመጀመሪያው የዕብራይስጡ ንባብ አንድ ብቻ ነበር ለሚለው መልስ ይሰጣል። የግዕዙን ብሉይ በተመለከተም ፍርዱ በየመጽሐፉ መሆን አለበት። ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ በዋናነት ከግሪክ የተተረጎመ ስለሆነ ስለ ኢሳይያስ ሲጠየቅ የትርጉም ትርጉም ሆኖ ይመሰክራል። ስለ ሄኖክ ሲጠየቅ ግን ሌላ ሙሉ ምስክር የለም፤ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮጳ ያመጣቸው ዓይነት የግዕዝ ቅጂዎች ባይኖሩ፣ ሊቁ ሚሊክ በ1976 የአራማይኩን ቁርጥራጭ ሲያሳትም የሚያስተያየው ሙሉ መጽሐፍ ባልኖረው ነበር።

ግዕዝን የኦሪታቸው ቋንቋ አድርገው የያዙት ክርስቲያኖች ብቻ አልነበሩም። ቤተ እስራኤል ዕብራይስጥ ሳይኖራቸው ኦሪትን በግዕዝ አንብበው ኖረዋል። በስግድ በዓል ቄሶቻቸው ዕዝራ ሕጉን ያነበበበትን የነህምያን ክፍል በግዕዝ ያነባሉ፣ ሕዝቡ እንዲሰማ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ይመልሱታል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆኖ በኢየሩሳሌም ሲከበር፣ እዚያ ተወልደው ላደጉት ወጣቶች ደግሞ አማርኛውን ወደ ዕብራይስጥ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።